የማትነሳዋ ዳማ፦ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ

ከሰመራ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በቆጂ ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እውነት በዚያች አሮጌ ሞተር ሄድክ?» እያለ መንገድ ላይ ያቆመኛል። አዎ፣ ሄጃለሁ። ወደ አፋር የመሄድ ዕድል ለማይገጥማችሁም፣ ሙቀቱን ፈርታችሁ ለማትሞክሩትም፣ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ተቀምጫለሁ። ስለ እሳተ ገሞራና ስለ ጨው ሜዳ የምትጠብቁ ካላችሁ ግን ከአሁኑ ይቅርታ። እኔ በአብዛኛው ያየሁት የሞተሬን ጎን ነው።

ለማታውቁኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሞተሯም አብራኝ ጡረታ የወጣች የሥራ ሞተር ናት። ቀለሟ ድሮ ቀይ ስለነበር «ዳማ» እላታለሁ። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ «ሁለተኛዋ ሚስትህ» ትላታለች፤ እኔም አላስተባብልም።

ልጃችን ምህረት ዱብቲ ሆስፒታል አዋላጅ ናት፤ የምትኖረው ሰመራ ነው። ከተያየን ሁለት ዓመት አልፎናል። ልጠይቅሽ እመጣለሁ ስላት ደስታዋን አልቻለችውም። በዳማ ነው የምመጣው ስላት ግን «በጭራሽ!» አለች። ከብዙ ክርክር በኋላ ተዋዋልን። ዳማ በራሷ ጎማ ሰመራ ከገባች፣ ምህረት ስለ ሞተር ሁለተኛ አፏን አትከፍትም። መኪና ላይ ተጭና ከገባች ግን ቁልፉን አስረክባለሁ።

«ሰማኸኝ አባዬ? ተጭና ከመጣች አበቃ!»

ሰምቻለሁ። በስድሳ ሁለት ዓመቱ ሞተሩን የተቀማ ሰው ፀሐይ ከመሞቅ ሌላ ምን ይቀረዋል? በበቆጂ ደግሞ ፀሐዩም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ቀልድ አልነበረም።

ሰኞ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ። ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር፤ የገብሱ ማሳ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ዳማ በሦስተኛው ርግጫ ተነሳች። አስካለ ለምህረት አንድ ከረጢት በሶ ከኋላ አሰረችልኝ። ቅቤም ልትጨምር ስትል «አዋሽ ሳልደርስ ዘይት ይሆናል» ብዬ አስቀረሁት።

ቁልቁለቱን ስወርድ ሙቀቱ ልብሴን አንድ በአንድ አስወለቀኝ። አሰላ ቁርስ በልቼ ጋቢዬን አጣጠፍኩ። አዳማ ላይ ካፖርቴ ወረደ፣ ወለንጪቲ ላይ ሹራቤ። መተሐራ ስደርስ በአንድ ሸሚዝ ቀርቼ፣ ከኋላ ያሰርኩት ጭነት ከእኔ በልጦ ወፍሯል።

መተሐራን አልፌ ፓርኩ አጠገብ ስደርስ ዳማ ሁለት ጊዜ አሳላትና ቀጥ አለች። ረገጥኩ። ደግሜ ረገጥኩ። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ቀንዳቸው የረዘመ ሳላዎች ቆመው ያዩኛል፤ ሲያክም የሚቸገር ሐኪም አይተው የሚያውቁ አይመስሉም። አሥራ አምስተኛው ርግጫ ላይ የቀኝ ጉልበቴ «ኧረ ተው» አለኝ።

ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆመልኝ። ሾፌሩ ወርዶ «ፋዘር፣ ቤንዚን አላት?» አለና መልሴን ሳይጠብቅ የታንኩን ክዳን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። ሾፌሮች በነዳጅ ነገር ሰው አያምኑም። መኖሩን አይቶ ዘጋውና ካንዴላውን ፈትቶ በሱሪው ጠራርጎ መለሰው። አንድ ርግጫ፣ ዳማ ተነሳች።

«ካንዴላ ነው ፋዘር። አዋሽ ስትደርስ ቀይረው።»

አመስግኜው፣ ሳልጠየቅም ወደ ልጄ እየሄድኩ መሆኑን፣ ልጄም ዱብቲ አዋላጅ መሆኗን ነገርኩት። ይህን በመንገዱ ላይ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ነግሬአለሁ። ደስ ሲለኝ አፌ አይያዝም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ እንደገባሁ አዲስ ካንዴላ ገዛሁ። ያረፍኩት ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ እትዬ ዘምዘም ከሚባሉ፣ ከወሎ ሐይቅ ከተማ ከመጡ ሴት ዘንድ ነው። ወደዚህ የመጡት በልጅነታቸው ነው፤ ሆቴላቸው ስድስት ክፍልና አንድ ትልቅ ግቢ አለው። «ጋሼ፣ አልጋው ውጭ ይሁንሎት ውስጥ?» ሲሉኝ የሚቀልዱብኝ መሰለኝ። እኛ አገር አልጋ ውጭ የሚወጣው ቁንጫ ሲገባበት ብቻ ነው። ክፍሉን ከፍተው ሲያሳዩኝ ግን የዳቦ መጋገሪያ ዓይነት ወላፈን ፊቴን መታኝና «ውጭ!» ብዬ ጮህኩ። በግቢው ከእኔ ሌላ አራት የከባድ መኪና ሾፌሮች አልጋቸውን በመደዳ አስዘርግተው ነበር። የፍየል ጥብስ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ እንደ አንድ ቤት ልጆች ተደርድረን ተኛን።

ማክሰኞ

ጠዋት እትዬ ዘምዘም አምስት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በረጠበ ጆንያ ጠቅልለው አመጡልኝ። ነፋስ ጆንያውን ሲመታው ውሃው ይቀዘቅዛል። እኛ ቤት ነገር የምንጠቀልለው ሙቀቱ እንዳይወጣ ነው፤ እዚህ እንዳይገባ። «አብሽሩ፣ አላህ በሰላም ያድርሶት። ጆንያውን ማርጠብ እንዳይረሱ» አሉኝ። ስለ ጉልበቴም ጠይቀው በቅባት አሽተውልኝ ነበር። እናት ናቸው፤ በዕድሜ ግን እኔ ሳልበልጣቸው አልቀርም።

ዳማ በአዲሱ ካንዴላ በአንድ ርግጫ ተነሳች፤ እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ማፏጨት ጀመርኩ። አዋሽ አርባን አልፌ ወደ መልካ ወረር መገንጠያ ስቃረብ አሳላትና ቆመች። ደግነቱ የመንገድ ዳር ጋራዥ ቅርብ ስለነበር ገፍቼ አደረስኳት። ባለሙያው ቀጠን ያለ፣ ነገሩ የረጋ ሰውዬ ነው። ክዳኑን ከፈተ፣ ታንኩን ነቅነቅ አድርጎ አዳመጠ፣ ዘጋው። ከዚያ ካርቡሬተሩን አውርዶ በቤንዚን አጠበው። ዳማ ተነሳች።

«ካርቡሬተር ነው። ካንዴላ ያለህ ሰው አያውቅም።»

እኔ በሥራ ዘመኔ እንደለመድኩት የበሽተኛዋን ታሪክ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ሰኞ፦ ካንዴላ ተጠረገ፣ ዳነች። ማክሰኞ፦ ካርቡሬተር ታጠበ፣ ዳነች።

ገዋኔ ልገባ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረኝ እንደገና ቆመች። አሁን የደረሱልኝ ጎማ ለመቀየር ቆመው የነበሩ ሁለት ሾፌሮች ናቸው። እነሱም «ቤንዚን አላት?» ብለው ከፍተው አዩ። ከዚያ አንደኛው «ሞቃ ነው እኮ! ከደጋ ያመጣሃት ልጅ ናት፣ አልለመደችም» ብሎ አንድ ባልዲ ውሃ ሞተሯ ላይ ቀስ እያለ ደፋባት። እንፋሎቱ ተነሳ፣ ዳማም ተነሳች። ሦስት ሐኪም፣ ሦስት በሽታ፣ ሦስት ፈውስ። ሁሉም ደግሞ ልክ ነበሩ፤ ይኼ ነው ያናደደኝ። ማስታወሻዬ ላይ «ውሃ ፈሰሰባት፣ ዳነች» ብዬ ጨመርኩ።

ገዋኔ፣ የአየሉ ተራራ ከወዲያ በሚታይበት ሻይ ቤት፣ ገና ሄልሜቴን ሳላወልቅ ባለቤቱ ሰይድ «አንተ ነህ አይደል ልጅህ ዱብቲ አዋላጅ የሆነችው? ካርቡሬተሩ ከታጠበ ወዲህስ እንዴት ሆነች?» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ዳጉ ነዋ!»

ሰይድ ከወሎ መጥቶ እዚያ ያረጀ ሰው ነው። ሻዩን ቀድቶልኝ አጠገቤ ተቀምጦ አስረዳኝ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይሉና ያዩትን ለብቻ፣ የሰሙትን ለብቻ ይነጋገራሉ። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ግመል እንደጠፋ። መጨመር ነውር ነው፤ መቀነስም ነውር ነው። የዋሸ ሰው በጎሳው ይቀጣል። ያደመጠው ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው የማድረስ ግዴታ አለበት። «ከጋራዡ አጠገብ ግመል የሚያሳልፍ ሰውዬ አይተህ ይሆናል» አለኝ። አላየሁም ነበር፤ እሱ ግን እኔን በደንብ አይቶኝ ኖሯል።

በእኛ አገርም ወሬ ይሮጣል። የእኛው ግን መንገድ ላይ ይወፍራል። ከገበያ የወጣች አንዲት የታመመች በግ ሰፈር ስትደርስ የሞቱ አምስት በሬዎች ትሆናለች። እዚህ ወሬው መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ካርቡሬተሩ ያው ካርቡሬተር ነው። ገረመኝ፣ ትንሽም አስፈራኝ።

ረቡዕ

ከገዋኔ ስነሳ ታንኩን እስከ አፉ ሞላሁት። ዳማ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ልጃገረድ ሄደች። ከዚያ ሰው፣ ቤት፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ቆመች። አንድ የግራር ዛፍ ብቻ ነበረች፤ እሷም ቅጠሏን የቆጠበች።

ሕክምናውን አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። ካንዴላውን ፈትቼ ጠረግሁ፤ ረገጥኩ፤ የለም። ካርቡሬተሩን እንዳየሁት ከፍቼ አጸዳሁ፤ ረገጥኩ፤ የለም። ቀጥሎ ያደረግሁትን ለመጻፍ አፍሬያለሁ፤ ግን ተደርጓል። የምጠጣውን ውሃ ከጀሪካኑ አንስቼ ሞተሯ ላይ ደፋሁት። ረገጥኩ። የለም! በጀሪካኑ ውስጥ ሁለት ጉንጭ ያህል ቀረ። ከግራሯ ሥር ተቀምጬ ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ቀኝ ጉልበቴ አብጧል። ፈርቼ ነበር፤ ፊት ለፊት ልናገረው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ተሳቢ መጥቶ ቆመ። ተካ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ብቻውን ይነዳዋል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠኝ፤ ስጨርስ ሌላ ጨመረልኝ። ከዚያ ዳማን አይቶ «ፋዘር፣ ባዶዬን ነኝ። አንስተን እንጫናት፣ ዛሬውኑ ሰመራ ነህ» አለኝ።

የምህረት ድምፅ በጆሮዬ መጣ። ተጭና ከመጣች አበቃ። ወደ መንገዱ አየሁ፤ ፀሐዩን አየሁ፤ ጉልበቴን አየሁ። «እሺ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንባዬ መጣ፤ ላብ በማስመሰል ጠረግሁት።

ለሁለት ግን አልነሳ አለችን። ትንሽ ራቅ ብለው ግመል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩና ተካ በእጁ ጠራቸው። ቀጭን ረጅም፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሰው ናቸው፤ ሁመድ ይባላሉ። ተካ ያውቃቸዋል። ዳማን አንድ ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ አዩና «መጫን ቆይ። መጀመሪያ ዳጉ» ብለው ከግራሯ ሥር ተቀመጡ።

ተካ ሰዓቱን አየ፤ ግን ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። ከየት እንደመጣሁ፣ በአገሬ ዝናብ መኖሩን፣ ከብቱ ደህና መሆኑን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ ወደ ዳማ መጡ። እኔ ማስታወሻዬን ከፍቼ ካንዴላ፣ ካርቡሬተር፣ ውሃ እያልኩ አነበብኩላቸው። ሁመድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ የሰማሁት እንዲህ አይደለም። ጋራዡ ሰውዬ መጀመሪያ ክዳን ከፈተ። ታንክ ነቀነቀ። ከዚያ ካርቡሬተር አጠበ። አንተ ክዳኑን ተውከው። ለምን?»

«እሱማ ነዳጅ መኖሩን ለማየት ነው። ሕክምና አይደለም እኮ።»

«ተደርጓል ወይስ አልተደረገም?»

«ተደርጓል።»

«ሰኞስ? ካንዴላ የጠረገው ሰውዬ?»

«እሱም ከፍቶ አይቷል።»

«ውሃ የደፉትስ?»

«ከፍተዋል።»

«ዛሬስ ማን ከፈተ?»

«ዛሬማ ገዋኔ ላይ እስከ አፉ ሞልቼው ምን ያስከፍተኛል...» ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። ተካ ብድግ አለ።

ክዳኑን አዞረው። ታንኩ ፍስስ አለ፤ ውሃ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ የቆየ ዋናተኛ ብቅ ሲል እንደሚያደርገው አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ጥቂት ቆይተን ረገጥኩ። በሁለተኛው ዳማ ተነሳች! ሜዳው በድምፅዋ ሞላ፤ እኔ ሁመድን አቅፌ ልስማቸው ስል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ገና አልጨረሱም።

«ለምን?» አሉ፣ ክዳኑን እያመለከቱ።

ተካ ክዳኑን ገለበጠው። በላዩ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለች። «ይቺ መተንፈሻዋ ናት» አለኝ። «ቤንዚኑ ሲቀንስ በቦታው አየር ካልገባ መውረድ ያቅተዋል፤ ሞተሯ ትራባለች።» በካቻቢቴ ከውስጥ ያለውን ጎማ ፈልቅቆ አነሳው። ከጎማው ሥር በክብ የተቆረጠ ነጭ ፌስታል ቀዳዳዋን ጥርቅም አድርጎ ተለጥፏል።

«ማን ነው ያፈናት?»

«የሆነ የማይረባ መካኒክ ይሆናል» አልኩ፣ በቁጣ።

ሁመድ ወደ እኔ ዞሩ። «አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

«እንግዲያ ይሄ ዳጉ አይደለም።»

ስልኬ መስመር ነበረው። እጄ ግሪስ በግሪስ ስለነበር ተካ ለአስካለ ደወለልኝና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዘው። ስለ ፌስታሉ ስጠይቃት አንድ ሰኮንድ እንኳን አላሰበችም።

«የስኳሩ ፌስታል ነዋ! አምና ክረምት ዝናብ ቤንዚኑ ውስጥ ገባብኝ ብለህ በልብስ መቀሴ ቆርጠህ አልነበር? መቀሴ እስከ ዛሬ ደንዞ ቀርቷል እኮ!»

ተካ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁመድ ግን ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «ሰላም ነው? ዝናብ አለ? ከብት ደህና?» እያሉ አስካለን ይጠይቃሉ፤ እሷም እንደ ጎረቤቷ ትመልስላቸዋለች። በረዷማው የበቆጂ ክረምት የሠራሁት ብልሃት እኮ ነው። እዚያ የምነዳው ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ስለሆነ ዳማ ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ አልሄድኩም። ጨርሶ ረስቼው ነበር፤ ይህ ደግሞ ከፌስታሉ በላይ አስደነገጠኝ።

ልሰናበታቸው ስል «አባ ሁመድ፣ ይቺን የፌስታሏን ነገር እዚሁ እንተዋት። ልጄ ጆሮ እንዳትደርስ» ብዬ ለመንኳቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ።

«ትናንት ዳጉ ለእኔ ባይደርስ፣ እኔ ዛሬ ስለ ክዳን አልጠይቅህም ነበር። ይሄኔ መኪና ላይ ነበርክ። አሁን አንተ የጠቀመህን ለሌላ ሰው ትቆርጣለህ?»

ሽማግሌው ከቆዳ ዕቃ የግመል ወተት ቀድተው ሰጡኝና አንጀቴ እስኪርስ ጠጣሁ። ተካ ጥሩምባውን እየነፋ ቀደመኝ። እኔና ዳማ ሚሌ የገባነው ገና በብርሃን ነው፤ አንድ ጊዜም አላሳላትም። እዚያም አልጋው ውጭ ነበር፤ አሁን ሳይጠይቁኝ ራሴ ነኝ ተሸክሜ ያወጣሁት።

ሐሙስ

ከሚሌ ሰመራ የሃምሳ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ሙሉውን መንገድ ለምህረት የምላትን ስለማመድ ነበር። አሸንፌያለሁና ጉራዬን እንዴት እንደምነዛ አሰብኩ። ፌስታሉን ካነሳሁ ግን ወዲያው «ሰውየው አርጅቷል፣ ይረሳል» ልትል ነው። ከዚያ ቁልፉን በአንድ ውል ባትወስደው በሌላ ትወስደዋለች። ስለዚህ አላነሳም። ወሰንኩ።

ሎጊያ ፉል ልበላ ስቀመጥ ያስተናገደችኝ ሴትዮ «ፌስታሉ ወጣላት?» አለችኝ። የቆረስኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ቢሆንም ሎጊያ ሰመራ አይደለችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ በመካከላቸው ሰባት ኪሎ ሜትር እንኳን በቅጡ እንደሌለ እያወቅሁ።

ሰመራ ሰፊ አስፋልትና ብዙ ነፋስ ያላት ከተማ ናት። ቤቶቹ ተራርቀው የቆሙት ሙቀቱ በመሃላቸው እንዲያልፍ ይመስላል። ምህረት ከሌሊት ተራ ወጥታ፣ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ በግቢዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ አምራለች። አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ከዚያ ዳማን ዙሪያዋን ዞራ አየቻት።

«በራሷ ጎማ» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«በራሷ ጎማ» አለች። «መንገድ ላይ ምንም አልገጠመህም?»

«ምንም።»

በሥራ ዘመኔ ስንት ገበሬ፣ ላሙ ተነፍታ መሬት ላይ ወድቃ፣ «ምን አበላኻት?» ስለው «ምንም» ብሎኛል! ሁልጊዜ ነበር የምናደድባቸው። አሁን ቃሉን ራሴው አልኩት።

ምህረት ሳቀች። እስኪያስነባት ሳቀች። «አባዬ፣ ትናንት ማታ ያዋለድኳት እናት ቤተሰቦች ዛሬ ጠዋት ሊጠይቋት ሲመጡ መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ አንተ ነው። ሰኞ እትዬ ዘምዘም ግቢ አደርክ። ቀኝ ጉልበትህን በቅባት አሹልህ። የምትጠጣውን ውሃ ሞተር ላይ ደፍተህ ግራር ሥር ጭንቅላትህን ይዘህ ተቀመጥክ። ፌስታሉን የእማዬ መቀስ ቆረጠው።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳቋ ግን ቆመ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ደውዬ እንዴት ነህ ስልህ ደህና ነኝ ትለኛለህ። ሌላ ነገር ነግረኸኝ አታውቅም። በዚህ ሦስት ቀን ግን የት እንዳደርክ፣ ምን እንደበላህ፣ የትኛው እግርህ እንዳበጠ ሰማሁ፤ ያውም ከማላውቃቸው ሰዎች። ሞተሯን መቼ ፈራኋት አባዬ? የፈራሁት ምን እንደሆንክ እንደማትነግረኝ ነው።»

ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ፈገግ አለች። «ለማንኛውም ተሸንፌያለሁ። ቁልፉ ያንተ ነው። ና ግባ፣ ሻይ ላፍላልህ።»

ገብቼ ተቀመጥኩ። ቁልፉ በእጄ ነው፤ ያሸነፍኩት ቁልፍ። ምህረት ጀርባዋን ሰጥታኝ ስኳር ትፈልጋለች። ማንም አላስገደደኝም። ሁመድም፣ ተካም፣ በመንገዱ ላይ ያየኝ ማንም ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ነበረኝ።

«ምህረት» አልኳት። «ግራ ዓይኔ ከፋሲካ ወዲህ ጭጋግ ለብሶብኛል። በግራ የሚመጣ መኪና ስሰማው ነው እንጂ አላየውም።»

የያዘችውን ጣሳ አስቀመጠች። መጥታ ከፊቴ ተንበረከከችና አገጬን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችኝ፤ በአውራ ጣቷ የዓይኔን ቆብ አነሳችው።

«ለእማዬ ነግረሃታል?»

«ለማንም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

እጇ ጉንጬ ላይ ቀረ። ቁልፉን በሌላኛው መዳፏ ላይ አድርጌ ጣቶቿን አጠፍኩላት።

ዳማን እሷ ዘንድ ትቼ ወደ በቆጂ የተመለስኩት በአውቶቡስ ነው። በቀኝ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ ስሄድ ያላየሁትን አገር ሁሉ እያየሁ መጣሁ።